ልጆች በእጃቸው የሚማሩት ታሪክ

በዚህ እትም ስለ ደመወዝና ስለ ወረቀት ሳይሆን ስለ ታሪክ ልጽፍላችሁ ነው። «ታሪክ ደሞ ምን ያደርግልናል፣ እኛን ያቃጠለን የኢቃማ ነገር ነው» የምትል እንደማትጠፋ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው አንብቡትና ፍረዱ። የምጽፍላችሁ እኛ አሁን በምንኖርበት አገር፣ በሊባኖስ ተራራ፣ ከእኛ በፊት በእጃቸው ሠርተው ስላለፉ ልጃገረዶች ነው። ስለ እነሱ መጀመሪያ የሰማሁት ልጆች ዕቃውን እየነኩ ታሪክ በሚማሩበት ሙዚየም ውስጥ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታባችሁ።

ሙዚየሙ ያለው ብሱስ በምትባል መንደር ነው። ብሱስ ከቤይሩት ወደ ተራራው ሲወጣ በዓሌይ አውራጃ ትገኛለች፣ በመኪና ብዙም አትርቅም። ቤቱ ድሮ የሐር ፋብሪካ ነበር፤ ዛሬ የሐር ሙዚየም ሆኗል። እኔ የሄድኩት የማሳድጋቸው ልጆች ከትምህርት ቤታቸው ጋር ሲሄዱ ትንሹን እንድይዝ ተብሎ ነው። ቦርሳና የውሃ ኮዳ ተሸክሜ ከኋላ ከኋላ ስከተል ለልጆቹ የተነገረው ሁሉ ለእኔም ተነገረኝ ማለት ነው። ዐረብኛዬ ከኩሽና ዐረብኛ ትንሽ ከፍ ስላለ አብዛኛው ገብቶኛል፤ ያልገባኝን በኋላ እየጠየቅሁና በስልኬ እያነበብኩ ሞላሁት።

ትሉን አበሉት፣ ክሩን ሳቡት

ያስጎበኘችን ሴትዮ ንግግር አላበዛችም። መጀመሪያ ሰፌድ የመሰለ ነገር ላይ የተቀመጡ ነጫጭ ትሎች አሳየች። ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ቅጠል ሰጠችና «አብሉት» አለች። ቅጠሉ እዚህ አገር ቱት ከሚሉት ዛፍ የተቆረጠ ነው፣ እኛ እንጆሪ የምንለውን ዓይነት ፍሬ ከሚያፈራው። የሐር ትል የሚያድገው በዚህ ዛፍ ቅጠል ነው። ልጆቹ ጸጥ ሲሉ የትሎቹ አበላል ይሰማል፤ ካፊያ ቅጠል ላይ ሲወርድ ያለውን ዓይነት ድምፅ ነው።

ትሉ ከእንቁላሉ ሲወጣ ከጉንዳን አይበልጥም። አራት አምስት ሳምንት ሙሉ ይበላል፣ አራት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል። ከዚያ መብላቱን ያቆምና ከአፉ በሚያወጣው ክር ራሱን እየጠቀለለ በሦስት ቀን ግድም ጎጆ ይሠራል። ጎጆዋ የርግብ እንቁላል የምታህል ናት፣ ሲነኳት ደረቅ ያለች። በውስጧ ያለው ክር ሳይበጠስ ቢዘረጋ እስከ 1 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ትሉ ክንፍ አውጥቶ ጎጆውን በስቶ ከወጣ ግን ክሩ ተበጣጥሶ ይበላሻል። ስለዚህ ሳይወጣ በፊት በሙቀት ይገድሉታል። ይህን ሲሰሙ አንዷ ሕፃን አሁን ያበላችውን ትል እያየች አለቀሰች።

ቀጥሎ ሴትዮዋ ሙቅ ውሃ በሳፋ አቀረበችና ጎጆዎቹን ነከረች። ክሩ ትሉ በሚያወጣው ሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ ሙቅ ውሃ ካላላላው አይፈታም። በትንሽ መጥረጊያ ላዩን ዳበስ ዳበስ ስታደርገው ጫፉ ይያዛል። የአንድ ጎጆ ክር ብቻውን ከሸረሪት ድር አይሻልም፣ ለዓይንም በጭንቅ ነው የሚታየው። የአምስት የስድስት ጎጆ ክር አንድ ላይ ሲሳብ ነው የሚጠነክረው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው ለካ እንዲህ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ልጆቹ መዘውሩን ተራ በተራ አዞሩ።

ያኔ ነው እኔ የማሳድገው ትልቁ ልጅ ጣቱን ውሃው ውስጥ ነክሮ «ድሮ ከዚህ የበለጠ ይፈላ ነበር? እጃቸው አይቃጠልም?» ብሎ የጠየቀው። ሴትዮዋ «ይቃጠል ነበር» አለችው። «እነማን ነበሩ?» አለ። «ሴቶች ልጆች። አንተን የሚያህሉም ነበሩባቸው» አለችው።

እህቶቼ፣ ይህን ጥያቄ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጽሑፍ አያመጣውም ነበር። ልጁ ጣቱን ስለነከረ ነው የሰው እጅ ትዝ ያለው። የዚያን ዕለት ማታ ማካሮኒ ሳጠል አጠገቤ መጥቶ ቆመና «ያንቺስ ይቃጠላል?» አለኝ። «አንዳንዴ» አልኩት። እዚያ ቤት ስኖር እንዲህ ያለ ጥያቄ ከማንም ሰምቼ አላውቅም።

እኛ የተማርነው ታሪክ እንዲህ አልነበረም። እኔ አሥረኛ ክፍል እስክደርስ ታሪክ ማለት የንጉሥ ስምና ዓመተ ምሕረት ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ እንሸመድዳለን፣ ከፈተና በኋላ ይረሳል። ዓድዋ መቼ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ያ ሁሉ ሠራዊት የበላውን በሶ ማን ቆላው፣ ማን ፈጨው ብሎ የጠየቀን የለም። እናቴ ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን ይዛ እንዝርት ስታሾር አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው የታሪክ ደብተሬን ያጠናሁት። እንዝርቱ ራሱ ታሪክ ነው ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።

አገራችን ሙዚየም አጥታ አይደለም። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ዕቃውን የደረደረው በሰው ዕድሜ ነው፣ ከልጅነት ጀምሮ እስከ ሞት። በየእናታችን ቤት ያለው ዓይነት ዕቃ እዚያ ተከብሮ ተቀምጧል። ዕቃ በመስታወት ውስጥ መጠበቁ ደግ ነው። ልጅ ግን ከማየት በላይ መንካት ይፈልጋል፣ ከነካ ነው የሚጠይቀው።

የካርካናው ልጃገረዶች

አሁን ወደ ልጃገረዶቹ ልመለስ። በሊባኖስ ተራራ የሐር ትል ማርባት የቆየ ሥራ ነው፣ ክሩንም ሰዉ በየቤቱ ይስበው ነበር። ፈረንሳይ አገር ሊዮን የምትባል ከተማ ደግሞ በሐር ጨርቅ የታወቀች ናት፣ ክር ትፈልጋለች። በ1840 ገደማ ፖርታሊስ የሚባሉ ፈረንሳውያን ብታቲር በምትባል የተራራው መንደር የክር መሳቢያ ፋብሪካ ከፈቱ፣ ሥራውን የሚያሳዩ ሴቶችም ከፈረንሳይ አስመጡ። ከእነሱ በኋላ የአገሩ ሰዎችም እየከፈቱ ሄዱ። ክፍለ ዘመኑ ሊያልቅ ሲል በተራራው ላይ ወደ 150 የሚጠጉ ፋብሪካዎች ነበሩ። ፋብሪካውን «ካርካና» ይሉታል።

ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ከ10 ሺህ በላይ፣ ብዙዎቹም ያላገቡ ልጃገረዶች። የመጡት ከገበሬ ቤት ነው። መሬቱ ትንሽ፣ ዕዳው ብዙ፣ ግብሩ የማይቀር ነበር። መጀመሪያ ላይ ሴት ልጅን ከባዕድ ወንድ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማሠራት ነውር ስለነበር ወደ ፋብሪካው የገቡት ችግር የጠናባቸው ናቸው፤ መነኮሳት የሚያሳድጓቸው ወላጅ አልባ ልጆችም ነበሩባቸው። ኋላ ግን ችግሩ ሲበረታ ነውሩ ተረሳ።

ቀኑ ከንጋት እስከ ምሽት ነው። ልጅቷ ከሚፈላው ውሃ ፊት ትቀመጣለች፣ ጎጆዎቹን ትነክራለች፣ ጫፋቸውን ትፈልጋለች፣ አጋጥማ ትስባለች፣ ሲበጠስ ትቀጥላለች። ጣቷ ይላላጣል። ቤቱ በእንፋሎት የታፈነ ነው፣ የሞተው ትል ሽታ ደግሞ ልብሷ ላይ ይቀራል። የሚከፈላት ከወንድ ያነሰ ነው፣ ያውም አብዛኛው የሚሄደው ለቤተሰብ ነው። የአባት ዕዳ ይከፈልበታል፣ ጎተራው ይሞላበታል። እሷ የሳበችው ክር ግን በመርከብ ተጭኖ ፈረንሳይ ይገባል፣ የሀብታም ቀሚስ ይሆናል። የቤይሩት ወደብም በዚህ ንግድ ነው ያደገው።

ሰው ደሞ ስማቸውን ማጥፋቱ አልቀረም። ከባዕድ ወንድ ጋር ይውላሉ ተብሎ ተወራባቸው። «ካርካና» የሚለው ቃል ዛሬ በዚህ አገር ዐረብኛ መጥፎ ቤት ማለት ነው፤ ስለዚህ ከእኔ ሰማሁ ብላችሁ ማዳም ፊት እንዳታነሱት! እህቶቼ፣ ይህ ነገር ምንም አያስታውሳችሁም? «ዐረብ አገር የነበረች ናት» ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉትን፣ በላከችው ብር የተሠራው ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚያሟትን? የዚያ ተራራ ልጃገረዶች ይህን ከእኛ በፊት ቀምሰውታል።

ቀይ ክዳን ያላቸው ቤቶች

መስኮት ስትወለውሉ ማዶ የሚታያችሁን ቀይ ክዳን ያለውን የድሮ ቤት አስተውላችሁታል? ብዙው በስደት ገንዘብ የተሠራ ነው። ከ1880ዎቹ በኋላ የሐር ዋጋ ሲወርድና መሬቱ ሕዝቡን አልችል ሲል የተራራው ሰው ተሰደደ። ወደ ብራዚል፣ ወደ አርጀንቲና፣ ወደ አሜሪካ ሄደ። እስከ 1914 ድረስ ከተራራው ሕዝብ አንድ ሦስተኛ ያህሉ እንደወጣ ይገመታል። ሴቶችም ሄደዋል፤ አሜሪካ ውስጥ መርፌና ክር፣ ዳንቴልና መቁጠሪያ በሳጥን ተሸክመው ከቤት ቤት እየዞሩ ሸጠዋል። የላኩት ገንዘብ ዕዳ ከፈለ፣ መሬት ገዛ፣ ቤት ሠራ። ቀዩ ሸክላ ክዳን ከፈረንሳይ፣ ከማርሴይ፣ በመርከብ የሚመጣ ስለነበር ጣሪያውን ያየ ሁሉ «ይሄ ቤት ውጭ አገር ሰው አለው» ይል ነበር። እኛ አገር ቆርቆሮው እንደሚናገረው ማለት ነው።

ይህን የምነግራችሁ ከማዳም ጋር ክርክር እንድትገጥሙበት አይደለም። ለራሳችሁ እንድታውቁት ነው። ሰው አገር ሄዶ መሥራት፣ ልጅን ለአያት ጥሎ መውጣት፣ በተላከ ብር መተማማት ከእኛ አልተጀመረም። አሁን የሚያሠሩን ሰዎች ቅድመ አያቶችም አልፈውበታል።

መጨረሻውም ትምህርት አለው። ተራራው መሬቱን ሁሉ ለትሉ ዛፍ ሰጥቶ እህሉን ከውጭ ነበር የሚገዛው። በ1914 የዓለም ጦርነት ተነሣ። ባሕሩ ተዘጋ፣ ሐሩ የሚሸጥበት ጠፋ፣ እህል የሚገባበትም ጠፋ። በ1915 ደግሞ አንበጣ መጥቶ የተረፈውን በላ። እስከ 1918 በረሃብና በበሽታ ያለቀው ከተራራው ሕዝብ እስከ አንድ ሦስተኛው ይደርሳል ይባላል። ከጦርነቱ በኋላ ሐሩ ትንሽ አንሰራርቶ ነበር፣ ግን የጃፓን ሐርና በፋብሪካ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ሐር ገበያውን ወሰዱት። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በአንድ ገቢ ብቻ የቆመ ቤት ምን እንደሚገጥመው እኛም በ2020 ሊራው ሲወድቅ አይተነዋል። እቁባችንን የምናጠብቀው ለዚህ ነው።

ስማቸው የት አለ?

የፋብሪካ ባለቤቶቹን ስም መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ። የሊዮን ነጋዴዎችም አይጠፉም። ያን ሁሉ ክር የሳቡት ሴቶች ግን አብዛኞቹ በቁጥር ነው የቀሩት፤ ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል ልጅ ተብለው።

ከእነሱ በኋላ ስሟ የቀረ አንዲት ሠራተኛ ልንገራችሁ። ዋርዳ ቡትሮስ ትባላለች። የሐር ሳይሆን የትምባሆ ሠራተኛ ናት። በ1946 ቤይሩት ላይ የትምባሆ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ሲሰለፉ በጥይት ተገደለች። በዚያው ዓመት የሊባኖስ የሥራ ሕግ ወጣ። የዚያ ሕግ 7ኛ አንቀጽ ደግሞ በሰው ቤት የሚሠሩትን ሠራተኞች ከሕጉ ውጭ ያደርጋል። ያኔ በሰው ቤት የሚሠሩት የተራራውና የጎረቤት አገር ድሃ ልጆች ነበሩ፣ እኛ ገና አልመጣንም። አንቀጹ ግን ቆይቶ እኛን ጠበቀን። እስካሁን «ሠራተኛ ነሽ፣ ግን የሠራተኛ ሕግ አይመለከትሽም» የምንባለው ከዚያ ወዲህ ነው። አያችሁ፣ ታሪክ ከኢቃማው ብዙ አይርቅም።

የቤት ሥራ ደግሞ ለመረሳት ይመቻል። የሐር ፋብሪካው ቢያንስ ግድግዳውን ትቶ አልፏል፣ ለዚህ ነው ሙዚየም የሆነው። የተጠረገ ወለል ግን ማታ ተመልሶ ይቆሽሻል፣ የተበላ ምግብ አይታይም፣ የታቀፍነው ሕፃን አድጎ ይረሳናል። እኛ ራሳችን ካላስቀመጥነው ከሥራችን የሚቀር ነገር የለም።

ለእኛ ልጆች

ማኅበራችን እሑድ እሑድ ሲሰበሰብ የሚመጡትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። እዚሁ የተወለዱ፣ ዐረብኛው ከአማርኛው የሚቀናቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ትምህርት ቤት የገቡት በስንት መከራ ነው። አገር ቤት ያሉት ልጆቻችን ደግሞ የሚያውቁን በስልክ ነው። ነገ «እናትሽ ምን ሠራች?» ሲባሉ መልሳቸው «ዐረብ አገር ነበረች» ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ። በ2020 ከወደቡ ፍንዳታ በፊትም በኋላም ሻንጣቸውን ይዘው መንገድ ላይ የቀሩትን እህቶች ማን አስጠጋቸው? በ2024 ጦርነት አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው ሲሸሹ ለቀሩት ማን ቀቀለላቸው? መልሱን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ከድስቱ አጠገብ ነበራችሁ። ይህ ታሪክ ነው። የሚያሳዝነው የሚነገረው ስለ እኛ እንጂ በእኛ አለመሆኑ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። ቤትም በጀትም አይፈልግም። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ቡና ሲቆላ፣ ለልጆቹ አንድ ጠረጴዛ እንዘርጋ። ጠረጴዛው ላይ ልጆቹ የሚነኩት ዕቃ ይቀመጥ።

አንደኛ፣ እንዝርትና ባዘቶ። ልጁ ራሱ ያሹረው፣ ይበጠስበት፣ ይቀጥለው። ድርና ማግ ምን እንደሆነ የሚገባው ያኔ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥሬ ቡናና ምጣድ። ትልልቆቹ ይለቅሙት፣ ይጠቡት፣ ከአዋቂ ጋር ይቁሉት። ማን እንደለቀመው፣ ከየት ወረዳ እንደመጣ አብረን እንንገራቸው።

ሦስተኛ፣ የመጣንበት ዕቃ። ከአገር ስትወጪ የያዝሽው ሻንጣ፣ እናትሽ ያሠረችልሽ የበሶ ቅል ወይም ጨርቅ፣ የመጀመሪያው የስልክ ካርድ፣ የተጻፈልሽ ደብዳቤ። ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ሙዚየም ውስጥ የሚቀመጠው አንድ ጊዜ ትንሽ የነበረ ዕቃ ነው።

አራተኛ፣ የሥራችን ዕቃ። ጓንት፣ የብረት ምጣድ፣ ካውያ ያልተሰካ። ልጆቹ አንድ ሸሚዝ አጥፈው ያስተካክሉ። እናታቸው በቀን ስንት እንደምታጥፍ ይገምቱ፣ ከዚያ እሷ ትንገራቸው።

ደንቡ ቀላል ነው። ልጁ መጀመሪያ ይንካ፣ ወሬው ይከተል። አንድ ዕቃ ከሩብ ሰዓት አይብለጥ፣ ልጅ ይሰለቻል። መልሱን ቀድመን አንንገራቸው፣ «ይህ በማን እጅ ተሠራ?» ብለን እንጠይቅ። ከጠረጴዛው አጠገብ አንድ ወፍራም ደብተር ይቀመጥ። የፈቀደች እህት ስሟን፣ የመጣችበትን ዓመት፣ የትውልድ ቦታዋን፣ የምታውቀውን ሥራ ትጻፍ፤ መጻፍ የሚከብዳት ካለች እኔ እጽፍላታለሁ። ወረቀት የሌላችሁ ስጋት እንዳይገባችሁ፣ እናታችሁ የምትጠራችሁ የቤት ስም ይበቃል። ፎቶ አናነሣም፣ ደብተሩም ከማኅበሩ ቤት አይወጣም።

እኔ እንዝርት ከእናቴ አስልኬአለሁ፣ ከአገር ቤት በምትመለስ እህት እጅ ይመጣልኛል። ባዘቶም አብሮ ይመጣል። የጎደለን ፈታይ ነው፤ እናቴ ስትፈትል አይቼ ባድግም በእኔ እጅ ክሩ ሁለት ክንድ ሳይሞላ ይበጠሳል። በደንብ መፍተል የምትችሉ፣ ከሰሜንም ሁኑ ከደቡብ፣ እሑድ ስትመጡ ንገሩኝ። ወንበሩን ከልጆቹ መሀል አዘጋጅላችኋለሁ።